ጎንደርን ማን ሠራት? ማንስ አቃጠላት?

ወደ ጎንደር በአውሮፕላን የሚመጣ እንግዳ አዘዞ ላይ የሚያርፈው በአፄ ቴዎድሮስ ስም በሚጠራው አየር ማረፊያ ነው። ከተማ ሲገባ የአፄ ቴዎድሮስ ሐውልት አደባባይ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ዩኒቨርሲቲውም በስማቸው የሰየመው ግቢ አለው። እንግዳው በማግስቱ ጠዋት አስጎብኚ ይዞ ፋሲል ግቢ ይገባል። የፋሲልን ግንብ፣ የጻድቁ ዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱን ቤተ መንግሥት፣ የዳዊትን የዝማሬ ቤት፣ የበካፋን የግብር አዳራሽ፣ የምንትዋብን ግንብ አይቶ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ሥላሴንና የፋሲል መዋኛን ያያል። ማታ ባህል ቤት ቁጭ ብሎ እስክስታ ያያል። ሲነጋ ወይ ወደ ላሊበላ ወይ ወደ ሰሜን ተራሮች ይሄዳል።

ያ አየር ማረፊያ የተሰየመላቸው ንጉሥ ይህችን ከተማ በእሳት ማጋየታቸውን ግን ብዙ ጊዜ ሳይሰማ ነው የሚሄደው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ዝምታ ነው። ጎንደርን ለእንግዳ የምናሳያት ነገሥታት ሠርተው፣ ኖረውባት፣ ትተውልን እንደሄዱ ባዶ ቤት አድርገን ነው። ድንጋዩን የጠረቡት፣ በሲራራ ንግድ ያበሏት፣ በዜማና በትርጓሜ ስሟን ያስጠሩት፣ ኋላም ያቃጠሏትና የዘረፏት ሁሉ ከጉብኝቱ ውጭ ናቸው። ውጤቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጎንደር በአንድ ቀን ታልቃለች። በአንድ ቀን የምታልቅ ከተማ ደግሞ ለሆቴሉም፣ ለአስጎብኚውም፣ ለሸክላ ሻጯም የምታስገባው ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ ለእንግዳ ብለን ያሳጠርነውን ታሪክ ቀስ በቀስ እኛም አምነን ተቀብለነዋል። ይኼኛው ከመጀመሪያው ይከፋል።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ ሲሆን ዓ.ም. ብዬ እለያለሁ።

ድንጋዩን የጠረበው ማነው?

«የፋሲልን ግንብ ፖርቹጋሎች ሠሩት» የሚለው ወሬ ዛሬም ከጎብኚ አፍ አይጠፋም። ቀኖቹን ብቻ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው አገር በደም ከተጨማለቀ በኋላ በ1632 ሃይማኖቱን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲል ብዙም ሳይቆዩ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። ጎንደርን መቀመጫቸው ያደረጉት በ1636 ገደማ ነው። ያባረሯቸው ሰዎች ቤተ መንግሥታቸውን ሠሩላቸው ማለት እንግዲህ አያስኬድም።

ጎንደር ከሰማይ የወረደችም አይደለችም። ከእሷ በፊት አፄ ሠርፀ ድንግል እንፍራዝ አጠገብ ጉዛራን አሠርተዋል። ሱስንዮስ በጎርጎራና በደንቀዝ አሠርተዋል። በደንቀዝ ዘመን የኖራ አሠራር ተስፋፍቶ ነበር፤ ከህንድ የመጡ ግንበኞችም በሥራው ነበሩበት። በ1648 የየመን ኢማም መልእክተኛ ሆኖ ጎንደር የደረሰው ሐሰን ኢብን አሕመድ አል ሐይሚ ስለ ፋሲል ቤተ መንግሥት ሲጽፍ፣ የሠራው ባለሙያ ህንዳዊ መሆኑን መዝግቧል። ምስክሩ ሕንፃው ገና አዲስ ሳለ በዓይኑ ያየ ሰው ነው።

ባለሙያው አንድ ሰው ቢሆንም ድንጋይ የሚፈነቅል፣ ኖራ የሚያቃጥል፣ እንጨት የሚጠርብ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ እጅ ግን በሺህ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው የቤተ እስራኤል ታሪክ የሚገባው። ቤተ እስራኤል በሰሜን ተራራ ላይ የራሳቸው መሪዎች የነበሯቸው፣ ከነገሥታቱ ጋር ለዘመናት የተዋጉ ሕዝብ ናቸው። የመጨረሻውን መሪያቸውን ጌዴዎንን አሸንፎ ራስ ገዝነታቸውን ያጠፋው የሱስንዮስ ጦር ነው። ርስታቸውን ያጡት ሰዎች ከዚያ በኋላ በእጅ ሙያቸው መኖር ነበረባቸው፤ ግንበኛ፣ አናጺ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ ሆኑ። አባት ተራራቸውን ነጠቃቸው፣ ልጅ ከተማውን ሲሠራ እነሱን ቀጠረ። የጎንደር ዘመን ግንብና ቤተ ክርስቲያን ብዙው የእጃቸው ሥራ አለበት።

ክፍያው ምን ነበር? በቤተ መንግሥቱ ዘመን አንዳንዶቹ መሬትና ማዕረግ አግኝተዋል። የነገሥታቱ ጉልበት ሲደክም ግን እሱም ቀረ፤ የተረፋቸው ስድብ ነው። ግንብ የገነባን እጅ «ቡዳ» ብሎ የፈራ አገር ነው የኛ አገር። ዛሬ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ፣ ወለቃ የምትባል መንደር አለች። እንግዳ መኪናውን አቁሞ ትንንሽ የሸክላ ቅርጾችን ይገዛል፣ በር ላይ የተሳለውን የዳዊት ኮከብ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። ባለቤቶቹ አብዛኞቹ የሉም። በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሄዱ። ሸክላውን ዛሬ የሚሠሩት በአብዛኛው የቀሩት ጎረቤቶቻቸው ናቸው።

ለእንግዳው መነገር ያለበት ይኸ ነው፤ «ጠዋት ያየኸውን ግንብ የሠሩት ሰዎች እዚህ ይኖሩ ነበር።» ያኔ ወለቃ ማስታወሻ ዕቃ የሚገዛበት ማቆሚያ መሆኗ ይቀርና የፋሲል ግቢ ሁለተኛ ምዕራፍ ትሆናለች።

ከግንቡ በታች ያለችው ከተማ

ከፋሲል ግቢ ወደ ቀሃ ወንዝ ሲወርዱ አዲስ ዓለም ይገኛል። ስሙ ያማረ ነው፤ አመጣጡ ግን የአዋጅ ነው። በ1668 አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጉባኤ ሰብስበው ሙስሊሞች ከክርስቲያን ተለይተው፣ በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ አዘዙ። አዋጁ ቤተ እስራኤልንም ነክቷል። ለመናኝነታቸው «ጻድቁ» የተባሉት ንጉሥ ናቸው ይህን ያወጁት። ቤተ መጻሕፍታቸውን ስናስጎበኝ አዋጁን አንጠቅሰውም።

ነገሩን የሚያስገርመው ከተማዋ ያለነዚህ ሰዎች አንድ ቀን ማደር አለመቻሏ ነው። ወደ ምፅዋ የሚወርደውን፣ ወደ መተማና ወደ ስናር የሚሻገረውን የሲራራ ንግድ የያዙት ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ወርቁ፣ አሞሌው በእነሱ በኩል ያልፋል። ባሪያም በዚሁ መንገድ ተሽጧል፤ እሱንም አንደብቅ። የነገሥታቱን ሐርና መስታወት ያመጣ፣ የውጭውን ወሬ ያቀበለ ይኸው ንግድ ነው። መልእክተኞቹም ብዙ ጊዜ ከነጋዴው ነበሩ። ኮጃ ሙራድ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ የጎንደር ነገሥታት ደብዳቤና ስጦታ ይዞ ዛሬ ጃካርታ በምትባለው ባታቪያ ካሉት የሆላንድ ሹማምንት ዘንድ ደርሷል። ጎንደርን «በሯን ዘግታ ብቻዋን የኖረች» አድርገው የሚጽፉ ሰዎች ይህን ቢያዩት ጥሩ ነው።

አዲስ ዓለምን በእግር የሚያስጎበኝ ሰው ግን ስንት ነው? ይህን የምጠይቀው ለቱሪስት ብቻ አስቤ አይደለም። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ በአንድ ሙስሊም ሽማግሌ ቀብር ላይ ግጭት ተነሥቶ በርካታ ሰው ተገደለ፣ ቤትና ሱቅ ተዘረፈ። በዚያ ሰሞን «ከየት የመጡ ናቸው?» የሚል ወሬ ሲነፍስ ነበር። ከየትም አልመጡም። ጎንደር ከተማ ከሆነች ጊዜ ጀምሮ እዚያው ናቸው። ይህን ለእንግዳ ስንነግር ኖረን ቢሆን የገዛ ልጆቻችንም አብረው ይሰሙት ነበር። አስጎብኚ ለውጭ ሰው የሚናገረውን ነገር ከኋላ ቆሞ የሚያዳምጥ የሰፈር ልጅ መቼም አይጠፋም።

መላእክቱን ቀና ብሎ ያየ፣ ሊቁን አላየም

ደብረ ብርሃን ሥላሴን የማያደንቅ እንግዳ የለም። በ1694 በአፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ዘመን የተመሠረተ ደብር ነው። ጣሪያው ላይ ከመቶ በላይ የመላእክት ፊት ተደርድሮ ወደ ታች ይመለከታል። ጎብኚው አንገቱን ቀና አድርጎ ፎቶ ያነሳና ይወጣል።

ጎንደር ግን በአገሩ ዘንድ ስሟ የገነነው በሥዕል ብቻ አልነበረም፤ በትምህርት ነው። «አርባ አራቱ ታቦት» ሲባል ብዙ ሰው ቁጥሩን ያስባል። በየአንዱ ደብር ዙሪያ የመምህር ጎጆ፣ የተማሪ ማደሪያ፣ የቀለም ቀንድ የያዘ ጸሐፊ እንደነበረ ግን አያስብም። የመጻሕፍት ትርጓሜ በአማርኛ እየተነገረ የጎለመሰው እዚህ ነው። አቋቋም የተማረ ደብተራ ዕውቀቱን የሚያስመሰክረው ጎንደር በአታ ነው። ከሸዋም ከጎጃምም ከትግራይም ተማሪ ኮፈዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ ቁራሽ እየለመነ ይመጣ ነበር። አሁንም ይመጣል።

ስለዚህ በጎንደር የሚደረግ አንድ ጥሩ ነገር ልንገራችሁ፤ ትኬትም አያስፈልገውም። በበዓል ዋዜማ ሌሊት ወደ አንዱ ደብር ሂዱ። ነጠላችሁን አጣፍታችሁ፣ ከቅኔ ማኅሌቱ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። መቋሚያው ሲነሣና ሲወድቅ፣ ጸናጽሉ ሲመልስ፣ ከበሮው ሲገባ ስሙ። ከ300 ዓመት በፊት ግንቡ ውስጥ የነበረው ሰው የሰማው ድምፅ ዘር ነው። ግንቡ ፈርሶ እንኳ ያልፈረሰው የጎንደር ክፍል ይኸ ነው።

ከዚያ ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ውጡ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግቢ ነው። ከፋሲል ግቢ ይልቅ ጸጥ ያለ፣ ከተማዋን ከላይ የሚያሳይ ቦታ ነው። ምንትዋብ የቋራ ሴት ናቸው። ባላቸው በካፋ በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ዳግማዊ ሕፃን ስለነበር ራሳቸው ዘውድ ደፍተው አብረው ገዙ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 ሲመጣ ያስጠጉትም እሳቸው ናቸው፤ የቤተ መንግሥቱን ልጆች ከፈንጣጣ ያስታመመው ቁስቋም ላይ ነው። ብሩስ ሲመለስ የግዕዙን መጽሐፈ ሄኖክ ይዞ ሄደ። አውሮፓ ለዘመናት ጠፍቶብኛል ያለችውን መጽሐፍ ያገኘችው እንዲህ ነው።

መጽሐፍ ከጎንደር የመውጣቱ ነገር ግን በብሩስ አላበቃም።

እሳቱ

ከ1769 ጀምሮ፣ ራስ ሚካኤል ስሑል አፄ ኢዮአስን ካስገደሉ በኋላ፣ ጎንደር ንጉሥ የሚቀመጥባት እንጂ የሚገዛባት ከተማ መሆኗ ቀረ። ዘመነ መሳፍንት የምንለው 86 ዓመት ነው። ያን ዘመን የዘጉት ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ ዘውድ የጫኑት ጎንደር ላይ አይደለም። በየካቲት 1855 ደጃዝማች ውቤን ሰሜን ውስጥ ድል አድርገው፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ብለው ባሠሩት በደረስጌ ማርያም፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ነገሡ። ቴዎድሮስ ጎንደርን አልወደዷትም። ካህናቱን አያምኗቸውም፣ ነጋዴውንም አያምኑትም፤ መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር አደረጉ።

አገሩ ከእጃቸው እየወጣ ሲሄድ፣ ሠራዊታቸውን የሚያበሉት ሲያጡ፣ ፊታቸውን ወደ ጎንደር አዞሩ። በ1864 አዘረፏት። በታኅሣሥ 1866 ተመልሰው አብያተ ክርስቲያናቱን ሳይቀር አቃጠሏት። የቤተ ክርስቲያኑን ወርቅና ብር፣ ዘውዱን፣ ጽዋውን፣ መስቀሉንና በመቶዎች የሚቆጠር የብራና መጽሐፍ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ መቅደላ አጋዙት። መቅደላ ላይ ትልቅ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መጻሕፍት የማቋቋም ሐሳብ ነበራቸው።

ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሚያዝያ 13 ቀን 1868 ቴዎድሮስ እጅ ላለመስጠት ራሳቸውን ገደሉ። እንግሊዞች መቅደላን ዘረፉ። ከጦሩ ጋር የመጣ ሪቻርድ ሆምዝ የተባለ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ዕቃና መጽሐፍ ይመርጥ ነበር። ዛሬ በለንደኑ ብሪቲሽ ላይብረሪ ከመቅደላ የሄዱ 350 ያህል ብራናዎች አሉ። «ብራናዎቻችን ከመቅደላ ተዘረፉ» እንላለን፤ እውነት ነው። ግን ግማሹን ነው ያልነው። ብዙዎቹ መቅደላ የደረሱት ከጎንደር ተዘርፈው ነው። አንድ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ተዘርፏል፤ መጀመሪያ በገዛ ንጉሡ፣ ቀጥሎ በባዕድ።

ከዚያ ዝርፊያ አንድ ነገር ላንሳ። «ኩርዓተ ርእሱ» የሚባል የጌታችን ሥዕል ነበር። የጎንደር ነገሥታት ዘመቻ ሲወጡ ይዘውት የሚሄዱት፣ መሐላ የሚፈጸምበት ሥዕል ነው። በ1744 ኢያሱ ዳግማዊ ስናር ላይ ሲሸነፉ ተማረከ፤ በካሣ ተመልሶ ሲገባ ጎንደር በእልልታ ተቀበለችው። ያንኑ ሥዕል ነው ሆምዝ መቅደላ ላይ አግኝቶ፣ ለመንግሥቱም ሳይነግር ቤቱ ያስቀመጠው። ከሞተ በኋላ ለንደን ላይ በጨረታ ተሸጠ። ኋላም ፖርቹጋል ውስጥ በግለሰብ እጅ ገባ። የስናር ሱልጣን እንኳ በካሣ የመለሰውን ማለት ነው።

ቀጣዩ እሳት የመጣው በ1888 መጀመሪያ ነው። የመሐዲስቱ የጦር አዛዥ አቡ አንጃ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውኃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፤ የተረፉትን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠለ፣ ሰው ፈጀ፣ ብዙዎችን ማርኮ ወሰደ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ። ሕዝቡ «ንብ ወጥቶ አባረራቸው» ይላል።

አስጎብኚዎቻችን ስለ ንቡ ይናገራሉ። ደርቡሽን ማውገዝም አይከብደንም፤ ከውጭ የመጣ ነውና። የ1866ቱ ግን ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ የኛው ጀግና ነውና። የኔ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ሁለቱም ይነገሩ። ሐውልቱ ይፍረስ አልልም። ቴዎድሮስ የተበተነ አገር ለመሰብሰብ የሞከሩ፣ ለባዕድ እጅ ያልሰጡ ንጉሥ ናቸው፤ ጎንደርን ያቃጠሉም እሳቸው ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ የማይችል ሕዝብ ነገ ሌላ ጀግና ሌላ ከተማ ሲያቃጥልበት ምን ብሎ ይጠራዋል?

ፒያሳም ታሪክ ነው

ብዙ ሰው ፒያሳ ላይ ቡና ጠጥቶ ያልፋል እንጂ የሚያየው ነገር ያለ አይመስለውም። የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 1 ቀን 1936 ጎንደር ገብቶ ከተማዋን የአማራ ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት። ጌራርዶ ቦሲዮ የተባለ አርክቴክት ፕላን አወጣላት። ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ ክብ ማዕዘን ያላቸው ፎቆች የዚያ ዘመን ናቸው። ወራሪው የመረጠው ቦታ ከነገሥታቱ ግቢ ሥር ነው፤ ግቢውንም ራሱ ገብቶበት የጦሩ መምሪያ አደረገው። በዚህ ምክንያት እንግሊዞች ከአየር ሲደበድቡት የኢያሱ ቤተ መንግሥት ተጎዳ። ዛሬ ጣሪያ አልባ ሆኖ የምናየው ሕንፃ ከጉዳቱ ከፊሉን ያገኘው በዚያ ጊዜ ነው።

ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻውን እጅ የሰጠው እዚሁ ነው። ኅዳር 27 ቀን 1941 ጄኔራል ናዚ ጎንደርን አስረከበ። አዲስ አበባ ነፃ ከወጣች ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ ማለት ነው። የዓለም ጦርነት ታሪክ የሚወድ ስንት ጎብኚ አለ! ይህን የሚያሳየው የእግር ጉዞ ግን አላዘጋጀንም።

ከዚያ ወዲህም ታሪክ አልቆመም። በ1954 የተከፈተው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ለገጠሩ ጤና ባለሙያ ማሠልጠን ጀመረ፤ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ዘሩ ያ ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ ሻለቃ መላኩ ተፈራ በሚያስተዳድሯት ጎንደር ቀይ ሽብር ስንት ወጣት በላ። የእናቶቹ እንጉርጉሮ እስካሁን ይሰማል። እሱም የከተማዋ ታሪክ ነው።

ደጋው

መንገዱ ሰላም ሲሆን ከጎንደር ተነሥቶ ወለቃን፣ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፎ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ ደባርቅ ይደረሳል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፤ ፋሲል ግቢ በዓመቱ ተከተለው። ፓርኩ ከ1996 እስከ 2017 «አደጋ ላይ ያለ ቅርስ» ተብሎ ቆይቶ ነው ከዝርዝሩ የወጣው።

ጎብኚው ዋልያና ጭላዳ ያያል፣ ገደሉን ያደንቃል። ይህ ተራራ የጌዴዎን አገር መሆኑን፣ የሱስንዮስ ጦር ገደሉን መውጣቱን፣ ደረስጌ ማርያም ከፓርኩ ብዙም ሳይርቅ መኖሩን አይሰማም። ጊጭ ላይ የነበሩት ገበሬዎች ለፓርኩ ሲባል ተነሥተው ደባርቅ መስፈራቸውንም አይሰማም። ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ለመውጣቱ ዋጋ ከከፈሉት መካከል እነሱ አሉበት። ታችም ላይም ያለው ነገር አንድ ነው። ግንቡን ከግንበኛው፣ ተራራውን ከገበሬው ለይተን ነው የምናሳየው።

«ገመናችንን ለፈረንጅ ለምን?»

ይህን የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እንግዳ ሊዝናና ነው የመጣው፤ ቃጠሎና ግድያ መስማት አይፈልግም፤ ቤታችንን አስውበን እናሳይ ይላል። ክርክሩ ክፋት የለበትም። ግን የዓለም ጎብኚ እንዲህ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ሄዶ ሮበን ደሴትን ሳያይ የሚመለስ ስንት ነው? እስር ቤት ነው፤ የሚያስጎበኙትም እዚያው ታስረው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ጋና የኤልሚናን ግንብ ስታስጎበኝ ባሪያ ይታጎርበት የነበረውን ጨለማ ክፍል አትዘጋም፤ እንዲያውም እሱን ነው የምታስቀድመው። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የሚመጣው እውነት ሊሰማ ነው። ቆንጆ ፎቶማ ቤቱ ቁጭ ብሎ በስልኩ ያገኛል።

ደግሞስ ገመናውን የምንሸፍነው ከማን ነው? የቴዎድሮስን ቃጠሎ አውሮፓውያን ራሳቸው ጽፈውታል። ብራናዎቹም እነሱ ዘንድ ናቸው። የማያውቀው የኛ ልጅ ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸ ነው።

ምን ይደረግ?

ገንዘብ የማይጠይቁትን ላስቀድም። አስጎብኚዎች ማኅበር አላቸው፤ የንግግራቸው መስመር በታሪክ ባለሙያ ታይቶ ግንበኛው፣ ነጋዴው፣ ሊቁና ቃጠሎው ይግቡበት። ግቢው ውስጥ በየሕንፃው «ማን አሠራው» ከሚለው ጽሑፍ ሥር «ማን ሠራው፣ መቼና በምን ተጎዳ» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ግቢው በቅርቡ ታድሶ አምሯል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ኖራ የፈረሰን ግድግዳ ያድሳል። የጎደለን ታሪክ የሚያድሰው ግን የተማረ አስጎብኚ ነው።

ሁለተኛ፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ከብራናዎቹ የተወሰኑትን በዲጂታል አንሥቶ ኢንተርኔት ላይ ለቋል። ዋናዎቹ እስኪመለሱ ድረስ፣ መመለሳቸውን መጠየቃችንን ሳናቋርጥ፣ ቅጂዎቹ ከግቢው ክፍሎች በአንዱ ይታዩ። የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሌለበት ቤተ መጻሕፍት ሆኖ መቅረት የለበትም። በ2019 የቴዎድሮስ ጸጉር ከለንደን ተመልሷል፤ ጸጉር ከተመለሰ መጽሐፍም ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ ጥምቀት። በታኅሣሥ 2019 በዓሉ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። በወሩ፣ በጥር 2012 ዓ.ም.፣ ፋሲል መዋኛ ዳር የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሞተ። እንግዳ ጠርቶ በወንበር መግደል አይገባም። የእንጨት ርብራቡ በባለሙያ ተፈትሾ፣ የሚይዘው ሰው ተቆጥሮ ካልሆነ በቀር ሰው አይውጣበት።

አራተኛውና ትልቁ ከአስጎብኚ እጅ ውጭ ነው፤ ሰላም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በተከታተለው ጦርነት ደጋው ተቆስሏል። ጭና ላይ ገበሬ ተጨፍጭፏል፣ ሆቴሎች ባዶ ውለዋል፣ ወጣት አስጎብኚዎች ሙያቸውን ትተዋል። ተኩስ ባለበት ማንም እንግዳ አይመጣም። ታሪኳን የሚነግርላትም ሰው ተሰዶ ያልቃል።

ጎንደር ደጋግማ ተቃጥላ ደጋግማም ተነሥታለች። ያነሷት ሰዎች ስማቸው በየትኛውም ግንብ ላይ አልተጻፈም። እንግዳ ሲመጣ ከነገሥታቱ ቀጥሎ ስለ እነሱ ይነገረው። ያኔ አንድ ቀን አይበቃውም፤ ሦስት ቀን ያድራል። ያዳረው ነገር እውነት ስለሆነም ሌላ ሰው ይዞ ይመለሳል።